አባወራው እያለ የወንድሙ ልጅ ለምን ተጠየቀ? የሕዝብ አመለካከትና የኑሮ እርካታ ለውጥ የሚለካበት መንገድ

ጥያቄ፦ «የባሕር ዳር፣ የሽምብጥ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ወር የጥናት ሠራተኞች ነን ያሉ ወጣቶች ታብሌት ይዘው ቤታችን መጡ። የቤቱ አባወራ እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ ከእኛ ጋር ከሚኖረው የወንድሜ ልጅ ጋር ካልተነጋገርን አሉ፤ እሱ ሥራ ውሎ ስለሚያመሽም ተመላልሰው አገኙት። በመንግሥት ላይ ስላለው እምነት፣ ስለ ጎረቤቶቹ፣ ስለ ኑሮው ጠየቁት፤ በመጨረሻም ኑሮውን ከ0 እስከ 10 ባለው መሰላል ላይ እንዲያስቀምጥ አደረጉት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ደውሎ ከዚያው ጥያቄ ጥቂቱን ደገመበት። እንዲህ ከየቦታው በተለቀመ ጥቂት ሰው ‹የሕዝቡ አመለካከት ተለወጠ› ማለት ይቻላል? ዛሬ የሚጠየቀውና ከአምስት ዓመት በፊት የተጠየቀው ሰው እኮ አንድ አይደለም። ደግሞስ የእኛ ሰው ስለ ኑሮው ሲጠየቅ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ከማለት ሌላ ምን ይላል?»

ምላሽ፦ ካስከፋዎት ነገር ልጀምር። የወንድምዎ ልጅ የተመረጠው እርስዎ ተንቀው አይደለም፤ እሱም ቢሆን የተለየ ነገር ያውቃል ተብሎ አልነበረም። በደንብ በተሠራ የአመለካከት ጥናት ጠያቂው ቤቱ ከደረሰ በኋላ በዚያ ቤት የሚኖሩትን፣ ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ሰዎች ሁሉ ይመዘግባል፤ ከእነርሱ መካከል አንዱን የሚያወጣው ታብሌቱ ነው፣ በዕጣ። ዕጣው ከወጣ በኋላ ጠያቂው ሌላ ሰው የመተካት ሥልጣን የለውም። ይህ ጥብቅነት በአገራችን የተለየ ምክንያት አለው፤ ታላቅ እያለ ታናሽ አይናገርም በሚባልበት ቤት ምርጫው ለቤተሰቡ ቢተው ኖሮ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰበሰበው ድምፅ በአብዛኛው የአባወራዎችና የሽማግሌዎች ድምፅ ይሆን ነበር። ስለ መሬቱ ስፋት፣ ስለ ቡናው ምርት ወይም ስለ ቤቱ ወጪ አባወራው ስለ ሁሉም ሊመልስ ይችላል። አመለካከት ግን የየሰው እንጂ የቤት አይደለም፤ እርስዎ ስለ ጎረቤት ያለዎት እምነትና የወንድምዎ ልጅ ያለው እምነት በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖም ሊለያይ ይችላል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ነው። «በዚህ ቤት ስንት አዋቂ ሰው ይኖራል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ቤተሰብ በክፋት ሳይሆን በልማድ የቤት ሠራተኛዋን ሳይቆጥራት ያልፋል። ስለዚህ በሚገባ የሠለጠነ ጠያቂ ጥያቄውን በዚህ አያቆምም፤ ትናንት ማታ እዚህ ማን ማን አደረ፣ ከዚህ ማዕድ የሚበላ ሌላ ሰው አለ ወይ እያለ ይዘረዝራል። እሷ ከዝርዝሩ ከወደቀች፣ ከገጠር ወደ ከተማ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ኑሮ ከአገሪቱ ሥዕል ላይ ወደቀ ማለት ነው። ተመላልሰው መምጣታቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሥራ የዋለውን ትተው ቤት ያገኙትን ቢጠይቁ ኖሮ የሚገኘው መልስ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉ ሰዎች መልስ ይሆናል።

የቁጥሩን ማነስ በተመለከተ ስሜትዎ ትክክል ቢመስልም ስሌቱ ሌላ ይላል። በዕጣ የተመረጡ 1,200 ሰዎች አንድን አገር ሲወክሉ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው ቁጥር ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 በመቶ ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 2,400 ሲያድግ ህዳጉ ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። የአገሪቱ ሕዝብ 10 ሚሊዮንም ሆነ 100 ሚሊዮን፣ ይህ ስሌት ያን ያህል አይለወጥም። በተቃራኒው፣ በዕጣ ያልተመረጠ ብዛት ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ አንድ ታዋቂ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልሶችን ሰብስቦ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በምርጫው ይሸነፋል ብሎ ነበር፤ ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ። የመጽሔቱ አድራሻዎች በብዛት የተገኙት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለነበር፣ በዚያ የድህነት ዘመን መልሱ የደህና ኑሮ ባለቤቶች መልስ ሆኖ ቀረ።

ሆኖም አንድ ገደብ መታወቅ አለበት፤ በጋዜጣም በስብሰባም በብዛት የሚዘነጋው ይኸው ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ፣ የባሕር ዳር ከተማ ነዋሪ ደግሞ 180,000 ገደማ ነበር። በዚያ ድርሻ ቢሰላ፣ 2,400 ሰው ከሚጠይቅ አገር አቀፍ ጥናት ለባሕር ዳር የሚደርሳት 6 ሰው ገደማ ነው። በአገራችን ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ የሠራው፣ በአፍሪካ አገሮች የሕዝብን አመለካከት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር፣ ከአንድ የቆጠራ ቦታ (ለሕዝብ ቆጠራ ተብሎ ከተከለለ ትንሽ አካባቢ) የሚወስደው በተለምዶ 8 ሰው ስለሆነ፣ ከተማችን አንድ የቆጠራ ቦታ ደርሷት ሊሆን ይችላል፣ ምንም ላይደርሳትም ይችላል። እንዲህ ካለው ጥናት ተነስቶ «የባሕር ዳር ሕዝብ እንዲህ ያስባል» የሚል ሰው ጥናቱ ያላለውን እያስባለው ነው። ከዚህ ሌላ 1999 ዓ.ም. የመጨረሻው ቆጠራ መሆኑ ራሱ ከባድ ችግር ነው፤ ናሙናው፣ ማለትም የሚጠየቁት ሰዎች፣ የሚወጣው ከቆጠራ ዝርዝር ነውና፣ ከተማው ከዚያ ወዲህ በሰፋባቸው ዳርቻዎች ያሉ ሰዎች በቦታው አዲስ ምዝገባ ካልተደረገ በስተቀር የመመረጥ ዕድላቸው የተዛባ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። የተጠየቁት ሰዎች የተለያዩ ሆነው ሳለ ለውጥ መኖሩ እንዴት ይታወቃል? የጣናን ከፍታ ለማወቅ በዳርቻው የተተከለ የመለኪያ ዘንግ ያስቡ። ዛሬ ዘንጉን የሚነካው ውኃ አምና የነካው ውኃ አይደለም፤ ያኛው በዓባይ ወርዶ ሄዷል። እንዲያም ሆኖ የሐይቁ ከፍታ መጨመሩ ወይም መቀነሱ ይታወቃል፣ ዘንጉ ከተተከለበት እስካልተነቃነቀ ድረስ። አንድ ሰው ዘንጉን ነቅሎ ግማሽ ክንድ ዝቅ አድርጎ ቢተክለው ግን፣ ሐይቁ ባለበት ሆኖ መዝገቡ «ሞላ» ይላል። የአመለካከት ጥናት ትልቁ አደጋም የሰዎቹ መለያየት ሳይሆን የመለኪያው መነቃነቅ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1972፣ በብሪታንያ ከ1983፣ በብዙ አገሮች ደግሞ በዓለም የእሴቶች ጥናት ከ1981 ጀምሮ እየተደጋገሙ የሚሠሩት ጥናቶች የጥያቄያቸውን ቃል፣ የአማራጮቹን ቁጥርና የአጠያየቁን መንገድ ለአሥርት ዓመታት ሳይነኩ ለማቆየት ይጥራሉ። አንድ ጥያቄ አነጋገሩ ቢያረጅም እንኳ ከመለወጡ በፊት አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ለተለያዩ ሰዎች ቀርበው ልዩነታቸው ይለካል።

ከአገራችን ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ አድርጌ የማየው የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ይህ ጥናት በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቧል፤ ሚስት ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል ወይም ከእሱ ጋር መተኛትን እምቢ ብትል ባል ሊመታት ይገባዋል ወይ የሚል ነው። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «ይገባዋል» ያሉት ሴቶች በ1992 ዓ.ም. 85 በመቶ ነበሩ፤ በ1997 ወደ 81፣ በ2003 ወደ 68፣ በ2008 ወደ 63 በመቶ ወረዱ። በእያንዳንዱ ዙር ከ14,000 በላይ ሴቶች ስለተጠየቁ ከ85 ወደ 63 በመቶ መውረዱ የዕጣ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም። ያው ጥያቄ ከቀረበላቸው ወንዶች ደግሞ በ1997 ዓ.ም. 52 በመቶ፣ በ2003 45 በመቶ፣ በ2008 28 በመቶው ተስማምተዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ባየሁ ቁጥር የማልፋቸው ቀዝቅዤ አይደለም፤ ከሚመታው ይልቅ የምትመታዋ ድርጊቱን ይበልጥ ተገቢ ስትለው ማየት ያማል። ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የወንዶቹ መልስ በፍጥነት የወረደው በከፊል ልባቸው ተለውጦ፣ በከፊል ደግሞ በእንግዳ ፊት ምን ማለት እንደሚገባ ስላወቁ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ድርጊቱን ራሱን ከአመለካከቱ ጎን ለጎን መከታተል ነው፤ በቤት ውስጥ ስለ ደረሰ ጥቃት የሚጠይቀው ክፍል ግን በዚህ ጥናት የተካተተው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2008 ዓ.ም. ነው። ያኔ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸው እንደሚያውቅ ተናግረዋል፤ ከዚያ በፊት የሚወዳደር ቁጥር ስለሌለ የአመለካከቱን መውረድ ከድርጊቱ ጋር ማስተያየት አልተቻለም። እንዲያም ቢሆን፣ ሰው በአደባባይ ሊናገረው የሚያፍርበት ነገር መለወጡ በራሱ የኅብረተሰብ ለውጥ ነው ባይ ነኝ። ነውር የሆነ ነገር ለመፈጸምም ይከብዳል።

ለውጡ ከየት መጣ የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ15 እስከ 30 ዓመት የነበሩት ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ገና ያልተወለዱ፣ ሕፃናት ወይም ልጆች ስለነበሩ በመጀመሪያው ጥናት አልተካተቱም፤ ያኔ 34 እና ከዚያ በላይ የነበሩት ደግሞ ከዕድሜ ክልሉ ወጥተዋል። እንግዲህ ማንም ሰው ሐሳቡን ሳይቀይር፣ ትምህርት ቤት የገባ አዲስ ትውልድ አሮጌውን ስለተካ ብቻ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ይህን ለመለየት በ1992 ዓ.ም. ከ20 እስከ 24 ዓመት የነበሩትን ወስዶ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ36 እስከ 40 ዓመት ከሆኑት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሰዎቹ በግል አንድ ባይሆኑም የአንድ ዘመን ልጆች ናቸውና፣ የእነርሱም መልስ ከወረደ ትውልድ መተካቱ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። እርስዎ የፈለጉት ዓይነት፣ ያንኑ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቅ ጥናትም አለ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን፣ የአማራ ክልልን ልጆች ጨምሮ፣ እስከ ጉልምስናቸው ተከታትሏል። እንዲህ ያለው ጥናት የአንድን ሰው መንገድ ያሳያል፤ ግን ውድ ነው፤ ሰው ለሥራ ሲሰደድ ይጠፋል፤ ከጊዜ በኋላም የተከታተላቸውን ሰዎች እንጂ የዛሬውን ሕዝብ አይወክልም። ሁለቱ ዓይነቶች አይተካኩም።

ወደ መሰላሉ እንምጣ። መሰላሉን ያቀረበው ሃድሊ ካንትሪል የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ዛሬ በየዓመቱ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት አገሮችን የሚደረድረው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ በየዓመቱ ከአንድ አገር የሚጠየቀው 1,000 ያህል ሰው ስለሆነም የሦስት ዓመት አማካይ ይወስዳል። የ10ኛው እርከን ለራስዎ ሊኖሩት የሚችሉት ከሁሉ የተሻለ ኑሮ፣ 0 ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ አሁን የት ቆመዋል ይባላል። ስለ «እግዚአብሔር ይመስገን» ያነሱት ነገር እውነት ነው፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ምስጋናው ውሸት አይደለም፤ ግን ለፈጣሪ የሚቀርብ እንጂ ኑሮን የሚመዝን መልስ አይደለም። ችሎታ ያለው ጠያቂ ምስጋናውን ሲሰማ «ተመስገን» ብሎ አብሮ ይቀበላል፣ ከዚያ ካርዱን ያቀርባል። በዘጌ፣ ቡናው ጥላ ሥር፣ አንዲት እናት ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለብኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጠያቂዋ አልተከራከረቻቸውም፤ መሰላሉ የተሳለበትን ካርድ ጉልበታቸው ላይ አድርጋ ዝም አለች። እርሳቸውም ጣታቸውን ከታች አስነሥተው ሦስተኛው እርከን ላይ አቆሙ፤ ከአምስት ዓመት በፊትስ ሲባሉ ስድስተኛው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ ስለ ቡናው መቀነስና ርቀው ስለ ሄዱት ልጆቻቸው ሳይጠየቁ ማውራት ጀመሩ። ምስጋናውም ሦስተኛው እርከንም የእርሳቸው እውነት ነው። ጠያቂዋ ከምስጋናው ተነስታ 8 ብላ ሞልታ ብትሄድ ኖሮ ግን ያ እርከን ከመዝገብ ይቀር ነበር።

መሰላሉ ግን በቀላሉ የሚረበሽ መለኪያ ነው። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጋሉፕ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአሜሪካ በየቀኑ 1,000 ያህል ሰው በስልክ ይጠይቅ ነበር። የኢኮኖሚ ምሁሩ አንገስ ዲተን መረጃውን ሲመረምር፣ ከመሰላሉ በፊት የፖለቲካ ጥያቄ የተጠየቁት ሰዎች ኑሯቸውን እጅግ ዝቅ አድርገው እንደሚያስቀምጡ አገኘ፤ በጥያቄ ቅደም ተከተል ብቻ የመጣው ልዩነት በዚያው ዘመን በነበረው የገንዘብ ቀውስ ክፉ ወቅት ከታየው መውረድ ይበልጥ ነበር። እርስዎ እንደጻፉልኝ ከሆነ የወንድምዎ ልጅ ስለ መንግሥት የተጠየቀው ከመሰላሉ በፊት ነው። ይህ ብቻውን ጥናቱን አያበላሸውም፤ ያለፈውም ዙር በዚያው ቅደም ተከተል ከተሠራ ማነጻጸሩ ይጸናል። ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ ከሆነ ግን በሁለቱ ዙሮች መካከል የሚታየውን የኑሮ እርካታ ለውጥ እኔ አላምነውም።

ጊዜውም እንዲሁ ይወስናል። በገጠሩ ዳርቻ ነሐሴ ላይ፣ ጎተራው ተራቁቶ አዲሱ እህል ሳይደርስ የተጠየቀ ገበሬና ጥር ላይ ከአውድማ በኋላ የተጠየቀው አንድ መሰላል አያዩም፤ «ትናንት ሳቁ ወይ? ትናንት ተጨነቁ ወይ?» የሚሉት ጥያቄዎች ደግሞ ከጥምቀት ማግስትና ከዐቢይ ጾም መካከል የተለያየ መልስ ያመጣሉ። የአንዱ ዙር በክረምት፣ የሌላው በበጋ ከተሠራ የወቅትን ልዩነት እንደ ዘመን ልዩነት ማንበብ ይመጣል። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ የተበራከተው የስልክ ጥናትም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ስልክ ያለውና ኔትወርክ የሚያገኘው ሰው በአማካይ ከተሜና የተሻለ ኑሮ ያለው ስለሆነ፣ የስልኩን ውጤት ከቤት ለቤቱ ውጤት ጋር በቀጥታ ማስተያየት አይገባም።

ፍርሃትን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በር አንኳኩቶ ስለ መንግሥት የሚጠይቅን እንግዳ፣ በተለይ ጸጥታ በሌለበት ጊዜ፣ ሰው ማንነቱን ሳይጠረጥር አይመልስለትም። አፍሮባሮሜትር ለዚህ ሲል በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «መንግሥት» ያሉት ሰዎች መልስ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ጥርጣሬው መልሱን ምን ያህል እንዳዛባው ይገመታል። ፍርሃቱ ከዙር ወደ ዙር ከጨመረ፣ በመንግሥት ላይ ያለው እምነት ሳይጨምር የጨመረ ሊመስል ይችላል። ደግሞም በጸጥታ ምክንያት ያልተደረሰባቸው ወረዳዎች በሌላ ሲተኩ፣ ብዙ መከራ ያዩት ሰዎች ከቁጥሩ ውጭ ሆነው አማካዩ ተሻሽሎ ይታያል። የትኞቹ ቦታዎች እንደቀሩ በግልጽ ያልጻፈን ሪፖርት በዚህ ዘመን ለውጥ ያሳያል ብዬ አልጠቅሰውም።

ከቀናት በኋላ የደወለው ሰው የሥራው ተቆጣጣሪ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ጠያቂ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅጹን በራሱ ሞልቶ እንዳይመጣ፣ ከተጠየቁት ሰዎች ጥቂቱ በዕጣ ተመርጠው እንደገና ይጠየቃሉ። የሚደገሙት በአብዛኛው የማይለወጡ ነገሮች ናቸው፤ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ በቤቱ የሚኖረው ሰው ቁጥር፣ የመሰላሉ ካርድ ታይቶ እንደሆነ፣ ቃለ መጠይቁ የፈጀው ጊዜ። የወንድምዎ ልጅ በመሰላሉ ላይ ያኔ 5 ብሎ በስልኩ 4 ብሎ ከሆነ አይጨነቅ፤ የአንድ ሰው ስሜት በቀናት ውስጥ እንዲህ ይወዛወዛል፤ በብዙ ሰው ላይ ሲደመር መወዛወዙ እርስ በርሱ ይካካሳል። ዳግመኛ ቢመጡ መታወቂያቸውንና የድጋፍ ደብዳቤያቸውን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ የወንድምዎ ልጅም ያልፈለገውን ጥያቄ መዝለል፣ ከፈለገ በመካከል ማቋረጥ ይችላል፤ እርስዎም ሲጠየቅ አጠገቡ ባይቀመጡ ይመረጣል። ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ የጥያቄዎቹን ሙሉ ቃልና ቅደም ተከተል፣ የተሠራበትን ወርና የቀሩትን ወረዳዎች የያዘው ክፍል እንዲሰጣችሁ በደብዳቤያቸው ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ።